ስልኬ ላይ ኡኡ አልኩ

የድንግል ማርያምን ሥዕል ፕሮፋይሌ ላይ አድርጌ ሳለ «ዛሬ ደግሞ አምሮብሻል» ብሎ የጻፈልኝ ሰው አለ። ከዚህ ብጀምር ይሻላል። ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ለማስረዳት ሌላ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም።

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ከገሳይ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ ገበሬዎች ናቸው፤ እኔ ደብረ ታቦር ላይ ከአንዲት የክፍሌ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይቼ እማራለሁ። የገጠር ልጅ ከተማ ሲማር ኑሮው የታወቀ ነው። ስንቁ ቅዳሜ ከቤት በመኪና ይላክለታል፣ መናኸሪያ ወርዶ ከረዳቱ እጅ ይቀበላል፣ እንጀራው ሳምንቱ ሳያልቅ ይሻግታል፣ ከዚያ በኋላ በሶ ነው። ስልኩን የገዛልኝ ባሕር ዳር ግንባታ ላይ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። ሲሰጠኝ «ለትምህርት ብቻ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳልሰማ» አለኝ። እውነትም ለትምህርት ነበር። መምህራኑ የመልመጃ ጥያቄ የሚለቁት በክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ ስለሆነ ስልክ የሌለው ልጅ በሰው ትከሻ ላይ አንገቱን አስግጎ ነው የሚገለብጠው።

ሰውየው የመጣው «ሰላም እህቴ» ብሎ ነው። ሁሉም እንዲህ ብለው ነው የሚመጡት። ማን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «የሚያውቅሽ ሰው» አለኝ። አልመለስኩለትም። ማግስቱን «ጠዋት ስታልፊ አየሁሽ፣ ነጠላሽ ያምራል» አለኝ። አሁንም ዝም አልኩ። ከዚያ መለመን ጀመረ፣ ከልመናው ወደ ስድብ ዞረ፣ ሰድቦኝ ሲያበቃ ደግሞ «ይቅርታ፣ ስለምወድሽ እኮ ነው» ይላል። ብሎክ አደረግሁት። በሌላ ስም መጣ። አንዴ የጉናን ተራራ ፎቶ ለጥፎ፣ አንዴ የኳስ ተጫዋች ሆኖ፣ አንዴ ጽጌረዳ ይዞ። ከሁሉም ተሳዳቢው ጽጌረዳው ነበር።

እኛ ሴቶቹ ደግሞ በየራሳችን ብልሃት እንፈጥር ነበር። ብልሃት የምለው ለክብራችን ስል ነው እንጂ መደበቅ ነው። የራሳችንን ፎቶ አነሳንና የቅዱሳንን ሥዕል ተካን፤ አንድ ሰሞን የክፍላችን ሴቶች ሁሉ ማርያምና ሚካኤል ሆነው ግሩፑ ቤተ መቅደስ መስሎ ነበር። የማርያሙን ነገር ነግሬያችኋለሁ። አንዷ የአጎቷን ፎቶ ከነጢሙ ለጠፈች፤ «ባልሽ ነው?» የሚል መጣላት። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ከንፋስ መውጫ ወዲህ ካለ ገጠር የመጣች፣ ድምፀ ወፍራምና ሳቂታ ናት። አንድ ቀን ስልኬን ነጥቃ «እኔ ባሏ ነኝ፤ ዳግመኛ ብትጽፍ ውርድ ከራሴ» ብላ በድምፅ ላከችለት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱ ግን መለሰ፤ «ድምፅሽም ያምራል» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ ነገር እንደ ቀድሞው አልሳቅንም።

የተመከርኩት ምክር ሁሉ አንድ ነበር፤ ዝም በይ። አከራያችን ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጠላ እየሸጡ የሚኖሩ ደግ ሴት ናቸው። «ልጀ፣ ስልኩን ዝጊውና ጥናትሽን አጥኚ። እኛም በጊዜያችን ስንለከፍ አንገታችንን ደፍተን ነው ያለፍነ» አሉኝ። አንገት መድፋቱን ሞክሬዋለሁ። ችግሩ፣ አንገት ሲደፋ ስልኩም እዚያው ታች ነው ያለው።

የክፍል ኃላፊያችን መምህር ዘንድም ሄጄ ነበር። «እናንተም እኮ ፎቶ ትለጥፋላችሁ» አሉኝ።

«እኔ የለጠፍኩት ማርያምን ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝና «በይ ወደ ክፍልሽ» አሉ። እያረርኩ ወጣሁ። እስከዚያ ድረስ የተናደድኩት በአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ንዴቴ ዝም በይ ያለኝን ሁሉ አዳረሰ።

በመሐሉ ኢንተርኔት ተቋርጦ የቆየበት ጊዜ ነበር። ከተማው ሲያማርር እኔ በሆዴ ተመስገን እል ነበር። እስቲ አስቡት፣ እኔ አንዲቱ ልጅ እንዳርፍ የአገሩ ሁሉ ኔትወርክ መጥፋት ነበረበት። ሲመለስ ስልኬ እጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ የእሱ መልእክት በጽጌረዳው ስም ተግተለተለ። መጨረሻው ላይ ፎቶ ነበር።

ፊቱ የእኔ ነው። በጥምቀት ዕለት ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ነጭ ለብሼ የተነሳሁት ነው፤ ከማን ገጽ ላይ እንዳወጣው እንጃ። ከአንገት በታች ያለው ግን የእኔ አይደለም። አጭር ቀሚስ የለበሰች፣ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች፣ ቢራ ይዛ አንድ ወንድ ጭን ላይ የተቀመጠች ሴት ናት። አገጣጠሙ ሥራ አይደለም አይባልም፤ እኔው ራሴ ለአፍታ መቼ ነው እዚህ የሄድኩት ብያለሁ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከቅጽሩ በታች ካለው ባሕር ዛፍ ብቻሽን ነይ። ካልመጣሽ ለወንድምሽ እልከዋለሁ። ከዚያ ትምህርት የሚባል ነገር ካለ አያለሁ።»

እመታሻለሁ አላለም፤ እገልሻለሁ አላለም። ትምህርት አለ። ይህን የሚል ሰው ከሩቅ የመጣ አይደለም፤ የገጠር ሴት ልጅ ትምህርት በምን እንደሚቋረጥ አሳምሮ የሚያውቅ የእኛው ሰው ነው። በቀበሌያችን ከእኔ በፊት ከተማ ገብታ የተማረች ልጅ ነበረች። ከአንድ ወንድ ጋር ስትሄድ ታየች ተባለ፤ ወሬው ገሳይ ሲደርስ አባቷ በዚያው ሳምንት መጥተው ዕቃዋን አስጭነው ወሰዷት። እውነት ይሁን ውሸት የጠየቀ የለም። ዛሬ ልጅ አዝላ ድንች ትኮተኩታለች። በሒሳብ ከእኔ ትበልጥ ነበር። እኔ ደግሞ ማትሪክ ልፈተን ወራት ነበር የቀሩኝ። ፎቶው ለወንድሜ ደረሰ ማለት ለቤታችን ደረሰ ማለት ነው፤ ለቤታችን ከደረሰ ደግሞ የእኔ ዕቃ መኪና ላይ ለመጫን አንድ ቀን አይፈጅም።

ያን ማታ ምንም አልቀመስኩም። ፈርቼ ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ፈርቼ ነበር። ጠዋት ስነሳ ግን ፍርሃቱ ከመብዛቱ የተነሳ መሰለኝ ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። ይህ ሰው የቆመው በምኑ ላይ ነው ብዬ አሰብኩ። የቆመው በእኔ ዝምታ ላይ ነው። የሰጠኝ ምርጫ ሁለቱም ብቻዬን ነው፤ ወይ ብቻዬን ባሕር ዛፉ ሥር፣ ወይ ብቻዬን በቤተሰቤ ፊት። ያኔ የልጅነቴ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

አንድ የመኸር ሰሞን የጎረቤታችን ሚስት ከምንጭ ስትመለስ አንድ ሰው መንገድ ዘግቶ ያዛት። እንስራዋን ጥላ ኡኡ አለች። አባቴ ምሳ እየበሉ ነበር። ከዚያች ሴት ባል ጋር በእርሻ ድንበር ከተጣሉ ቆይተዋል፤ ሰላምታ እንኳ የላቸውም፤ የሰውየው ስም በቤታችን አይነሳም። የጎረሱትን ሳይውጡ ዱላቸውን አንስተው ሮጡ። ቀበሌው በሙሉ ወጣ። መንገድ የዘጋው ሰው እግሬ አውጪኝ ብሎ በገደሉ በኩል ጠፋ። አባቴ ሲመለሱ «ታረቃችሁ?» አልኳቸው።

«አልታረቅነም» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን ሄዱ?»

«ኡኡ ተብሎ የማን ነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? መጀመሪያ እንወጣለን። ምን እንደሆነ እዚያ ስንደርስ እንጠይቃለን» አሉና ወደ ምሳቸው ተመለሱ።

በእኛ አገር ኡኡታ ሰምቶ ያልወጣ ሰው ለምን ቀረህ ተብሎ በሽማግሌ ፊት ይቆማል። ጩኸቱን ያሰማች ሴት ግን ምን ስታደርጊ ነበር ተብላ አትጠየቅም፤ ቢያንስ ያን ዕለት አትጠየቅም። እኔ ደግሞ ወራት ሙሉ መንገድ ተዘግቶብኝ አንድ ቀን አልጮህኩም። ሁሉም ዝም በይ ሲለኝ ዝም ብዬ ነበር።

ለጓደኛዬ ሐሳቤን ስነግራት «አብደሻል» አለችኝ። ትንሽ ቆየችና «ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ታዲያ፣ አንቺ ስትናገሪ አይሰማም» አለች።

ሐሙስ ከትምህርት መልስ፣ የመልመጃ ጥያቄ በሚለቀቅበት በዚያው ግሩፕ ላይ፣ የሰውየውን መልእክቶች ከመጀመሪያው «ሰላም እህቴ» ጀምሬ እስከ መጨረሻው ዛቻ ፎቶ እያነሳሁ ለጠፍኳቸው። ከዚያ ድምፄን ቀድቼ ላክሁ። «ኡኡ። ይኸ ኡኡታ ነው። የገጠር ልጆች ታውቁታላችሁ፤ የከተማ ልጆች ወላጆቻችሁን ጠይቁ። አንድ ሰው መንገድ ዘግቶብኛል። ፊቴን ከሌላ ሰው ገላ ጋር ቀጥሎ እሁድ ብቻሽን ካልመጣሽ ይላል። እሄዳለሁ። ብቻዬን ግን አልሄድም። የሰማ ይውጣ።»

 ያዩት ሰዎች ቁጥር ሲጨምር ይታየኛል፤ የሚጽፍ ግን የለም።  ምነው ባልነካካሁት ብዬ ላጠፋው ጣቴን ዘርግቼ ነበር። የመጀመሪያዋ ቃል የመጣችው ከማላስበው ሰው ነው። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ አባቷ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው የሙስሊም ልጅ ናት፤ ከእግዜር ይስጥልኝ ያለፈ ተነጋግረን አናውቅም። «ደረስኩ» ብላ ጻፈች። ቀጠለችና «ለእኔም ልኮልኛል» ብላ የራሷን ለጠፈች። ያው ጽጌረዳ፣ ያው «ስለምወድሽ እኮ ነው»።

ከዚያ እንደተከፈተ ቦይ ሆነ። አንዷ ደረስኩ፣ ሌላዋ ደረስኩ፣ ለእኔም፣ ለእኔም። ያቺ የአጎቷን ፎቶ የለጠፈችው፣ ሰውየውን ፈርታ ስልኳን ለእናቷ መልሳ የሰጠች ሌላዋ፣ ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አንዱን ሰው በየግላችን ስንፈራ ከርመናል። እያንዳንዳችን ለብቻችን የተላከብን መስሎን ነበር። ሳየው እንባዬ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቱ አደረቀው።

ወንዶቹም መጡ። አንዱ የሚስቅ ፊት ለጥፎ «ምን አድርገሽው ነው?» አለ። ጓደኛዬ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ «ኡኡ ሲባል የምትስቅ ከሆነ ቤታችሁ የተቃጠለ ቀን ማንን ልትጠራ ነው?» ብላ ላከችለት። የሚስቀውን ፊት አጠፋና «ደረስኩ» ብሎ ጻፈ። የክፍል ኃላፊያችን ዘግየት ብለው «እኔም ደርሻለሁ» አሉ። ስለ ፎቶ መለጠፍ ምንም አላሉም።

የክፍሌ ልጆች ወጡልኝ። ግን ከትምህርት የሚያስቀሩኝ እነሱ አይደሉም። ዋናው ሰው አባቴ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ቴሌግራም የላቸውም። ያላቸው ቁልፍ የሚጫኑት ስልክ ነው፤ ለእሱም ኔትወርክ የሚይዘው ከቤታችን በላይ ካለው ዳገት ላይ ነው። በማለዳ እንስሳ ሊያሰማሩ እዚያ እንደሚወጡ ስለማውቅ አርብ ጠዋት ደወልኩ። ከማንም በፊት ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው። 

«አባየ» አልኩ።

«አቤት ልጀ። ደኅና ነሽ?»

«ኡኡ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«ምን አልሽ?»

«ኡኡ ነው ያልኩ አባየ። ሰው መንገድ ዘግቶብኛል።»

«የት ላይ?»

«ስልክ ላይ።»

 ነፋሱ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ «መጣሁ» አሉና ተቋረጠ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የአከራያችን በር ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው ቆመዋል። አንዱ አባቴ ናቸው። አንዱ የነፍስ አባታችን ቄሱ ናቸው። ሦስተኛውን ሳይ ዐይኔን ተጠራጠርኩ፤ እኚያ ባለ ድንበሩ ጎረቤታችን ናቸው፤ አባቴ ስማቸውን የማያነሱት ሰው። ከገሳይ እስከ ደብረ ታቦር በአንድ መኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ቃል ሳይነጋገሩ መምጣታቸውን ኋላ ነው የሰማሁት። ግን ኡኡታ ነውና መጥተዋል።

«በየት በኩል ነው?» አሉ ጎረቤታችን ሰላምታውን እንደጨረሱ፣ ዱላቸውን እያስተካከሉ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ቆሞ የሚጠብቃቸው ነበር የመሰላቸው።

ስልኬን አወጣሁ። «እዚህ ውስጥ ነው» አልኩ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ስልኩን አዩት። ከዚያ ዱላቸውን አዩ። አከራያችን ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወንበር ሊያመጡ ገቡ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አባቴ ቤቱን ዞር ዞር ብለው እያዩ «ዕቃሽ ይኸው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ» አልኩ። አልጋዬን፣ መጻሕፍቴን፣ ጥግ ላይ ያለችውን የስንቅ ጆንያ አንድ በአንድ አዩ። አለቀልኝ ብዬ አሰብኩ። ሊጭኑኝ ነው የመጡት።

ከተቀመጡ በኋላ «በይ አንብቢው» አሉኝ።

«አባየ፣ የሚነበብ አይደለም።»

«አንቺ ብቻሽን ስታነቢው ከርመሽ የለም እንዴ? እኛም እንስማው።»

ቄሱን አየኋቸው። «አንብቢ ልጀ» አሉ መቋሚያቸውን እያስደገፉ፣ «የኑዛዜ ጆሮ ነው፤ ያልሰማው የለም።»

አነበብኩ።  ስድቦቹ ጋ ስደርስ አከራያችን ያማትባሉ፤ ጎረቤታችን ጥርሳቸውን ያፋጫሉ። እያነበብኩ ስሄድ ግን አንድ ነገር ሆነ። በልቤ ሳነበው ሲያቃጥለኝ የነበረው ቃል በአፌ ሲወጣ ባዶ ሆኖ ይሰማኝ ጀመር። «ስለምወድሽ እኮ ነው» የሚለውን በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት ጮክ ብዬ ሳነብ እንዲያውም አሳፋሪነቱ የእሱ ሆነ። ጨርሼ ፎቶውን ለአባቴ ሰጠኋቸው። አራቅ አድርገው፣ አቅርበው፣ ብዙ አዩት። 

«ይኸ ያንቺ እግር አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ድንች ያወጣ እግር እንዲህ አይሆንም።»

ስልኩን ለባለ ድንበሩ አቀበሏቸው። ከስንት ጊዜ በኋላ እጅ ለእጅ የተቀባበሉት ነገር ይህ መሆኑ ነው። እሳቸውም አይተው «እውነት ነው» አሉ፤ «በእኛ ጭቃ የኖረ እግር ይኸ ጫማ ውስጥ አይገባለትም።» ያኔ ጓደኛዬ ፈንድታ ሳቀች፣ እኔም ሳቄ ከልቅሶዬ ጋር ተደባልቆ ወጣ።

እሁድ ቅዳሴ እንዳበቃ ከቅጽሩ ወጥተን ወደ ባሕር ዛፉ ወረድን። ጭጋጉ ገና አልተነሳም ነበር። ብቻሽን ነይ የተባልኩት እኔ ሦስት ባለ ዱላ አስከትዬ ስደርስ ክፍሉ በሙሉ ማለት ይቻላል ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ነጠላ ያጣፉ፣ ጃኬት የለበሱ። ያቺ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ከታናሽ ወንድሟ ጋር መጥታለች። የክፍል ኃላፊያችንም ከዳር ቆመዋል። ከቅዳሴ የወጣ ምእመን ቀብር መስሎት እየተጠጋ ማን ሞተ ይላል። ማንም አልሞተም።

ሁሉም ሲያየኝ ስልኬን ከፍቼ «መጥቻለሁ፤ የት ነህ?» ብዬ ጻፍኩለት። ያነበበበት ምልክት ወዲያው መጣ። «አንብቦታል» አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ሁሉ ዞር ዞር አለ፤ ቄሱ እንኳ ባሕር ዛፉን ቀና ብለው አዩ፣ ላዩ ላይ ያለ መስሏቸው ይሆን እንጃ። መልስ አልመጣም። በአጠገባችን ቆሞ ይሆናል፤ አሁንም ድረስ አላውቅም። መልሱ የመጣው በሌላ በኩል ነው። የአባቴ ስልክ ጮኸ።

አባቴ ስልክ የሚያነሱት ሁልጊዜ ድምፁን ለቀው ነው፤ ጆሮ ላይ መለጠፉን አይወዱም። ወንድሜ ነበር።

«አባየ፣ የት ነዎት?» አለ። 

«ደብረ ታቦር።»

«አሁን አንድ ነገር ተላከልኝ፤ አፌን ሞልቸ የምነግርዎት አይደለም። ልጅቱን ዛሬውኑ ይዘዋት ይግቡ። ትምህርቱ ይብቃት።»

ባሕር ዛፉ ሥር የቆመው ሰው ሁሉ ሰማው። እኔም ሰማሁት። ያ የፈራሁት ቃል በወንድሜ አፍ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነገረ። አባቴን አየኋቸው፤ እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፣ ስልኩን ነው የሚያዩት።

«የተላከልህን እኔም አይቸዋለሁ» አሉ።

ወንድሜ ጠየቀ፦ «ማን አሳየዎት?»

«እሷ ናት ያሳየችኝ። ኡኡ አለች፣ ደረስኩ። ቄሱም ደርሰዋል። ይኸ ድንበሬን የገፋው ጎረቤቴ እንኳ ደርሷል።» ጎረቤታችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ እንጂ አልተናገሩም። «አንተ ወንድሟ ነህ። ኡኡ ያለችውን አስረህ አምጣት ትለኛለህ? እኔ ኡኡ ያለ ሰው አስሬ አላውቅም።»

አባቴ ስልኩን ወደ አፋቸው አቀረቡ።

«ዘግይተሃል» አሉት አባቴ፣ አሁን ለስለስ ብለው። «ዘግይተህም ቢሆን ና።» ስልኩን ዘግተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

የእኔን ስልክ ሳየው ጽጌረዳው የለም። ስሙም ፎቶውም ጠፍቶ በቦታው የተሰረዘ አካውንት የሚል ብቻ ቀርቷል። «ምን አለ?» አሉኝ አባቴ። «ጠፋ» አልኩ። «ሸሸ ማለት ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለእነሱ የሚገባ ነገር በመጨረሻ ተገኘ። በሌላ ስም ሊመለስ እንደሚችል አልነገርኳቸውም። ቢመለስም የሚያገኘኝ ብቻዬን አይደለም።

ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። መኪናው እስኪሞላ ቆመን ሳለ «አባየ፣ ዕቃሽ ይኸው ነው ሲሉኝ ሊወስዱኝ የመጡ መስሎኝ ነበር» አልኳቸው።

«ይኸን ብርድ በዚያች አንሶላ ነው ወይ የምታሳልፊው ብየ ነው እንጂ» አሉ። ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት። እምቢ ብል በአንድ ሸሚዝ እየተንቀጠቀጡ ተቆጡኝ። እመኪናው ውስጥ ሲገቡ ባለ ድንበሩ ጎረቤታችን ከራሳቸው ጋቢ ግማሹን ወደ አባቴ ገፋ አደረጉ። አባቴ ሳያዩት ለበሱት። እንዳልታረቁ ግን እናቴ በኋላ በስልክ አረጋግጣልኛለች።

ግሩፑ ላይ እስከ ማትሪክ ድረስ ሌሎችም ኡኡ ብለዋል። አንዷ ስትጮህ ሁሉም ደረስኩ ይላል፣ የተላከባት ነገር በአደባባይ ይነበባል፣ እናቶችና አባቶችም ከሚልክባቸው ሰው በፊት ከልጃቸው አፍ ይሰማሉ። የቅዱሳኑን ሥዕል ቀስ በቀስ አነሳን። እኔ ያንኑ የጥምቀቱን ፎቶዬን፣ ከነሙሉ ገላዬ፣ ከነጭቃ እግሬ መልሼ ለጠፍኩት።

ከባሕር ዛፉ እሁድ በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ከትምህርት ወጥቼ የአባቴን ጋቢ ደርቤ ወደ ቤት ስሄድ፣ ስልኬ ድምፅ አሰማ። ጽጌረዳው መስሎኝ ፈጥኜ አወጣሁት። ሳየው ወንድሜ ነው። መናኸሪያ ቆሞ ነው የጻፈው፤ «ደረስኩ» ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም።

«ዘግይተሃል» ብዬ መለስኩለትና ልቀበለው ወረድኩ።